የኋላ ፍሬን

ከሳይክል ላይ ወደ ፊት የሚወድቅ ሰው የሚያርፍበትን ያየዋል። እጁን ይዘረጋል፣ መዳፉ ይላጣል፣ ጉልበቱ ይደማል፤ ቢያንስ ግን መሬቱ ሲመጣ አይቶታል። ወደ ኋላ መውደቅ እንደዚያ አይደለም። የምታዩት ሰማይ ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያው ቀን ያየሁት የዘንባባ ጫፍና ከበላዩ የምትዞር አንዲት ጭልፊት ነበር። ጭልፊቷን እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ፤ አወዳደቄን ግን አላስታውሰውም። ከዚያ የልጅ ሳቅ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ በድንገት ሲቆረጥ። የሳቀው ተማሪዬ ነው። የወደቅሁት ደግሞ እኔ፣ የሒሳብ መምህርቱ።

ጊዜው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት መጋቢት ላይ ከተዘጉ ወር አልፏቸዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ እየቆመ ለሚያስተምር ሰው ድንገት ቤት መዋል ምን እንደሚመስል መምህራን ያውቁታል፤ ጠዋት ትነሺያለሽ፣ እጅሽ ጠመኔ ይፈልጋል፣ አፍሽ "ገባችሁ?" ማለት ይፈልጋል፣ የሚሰማሽ ግን እናትሽ ብቻ ናት። እናቴ ደግሞ ስለ ክፍልፋይ መስማት አትወድም።

ባሕር ዳርን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ከተማችን ሜዳ ናት። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ይነዳባታል፤ ነርሷ ነጠላዋን አጣፍታ በሳይክል ትሄዳለች፣ ሽማግሌው ከኋላ በግ ጭኖ ይሄዳል፣ አንድ ጊዜ የቤት በር በአግድም ይዞ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ፤ መንገዱን ግራና ቀኝ ዘግቶት ነበር። ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ይህ እንደማይሠራ በሁለት ቀን ውስጥ ገብቶኛል፤ ሽቅቡም ሰዉም አያስነዳም።

እኔ የለመድኩት በኪራይ ነው። በልጅነታችን አንድ ዙር በሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሳይክሎቹ ለአዋቂ የተሠሩ ስለነበሩ እግራችን ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ አንድ እግራችንን ከላይኛው ብረት ሥር አሾልከን፣ ሰውነታችንን ወደ ጎን አጣመን እንነዳ ነበር። ያን ያላየ ሰው አያምንም። ሸርጣን የሳይክል ትምህርት ብትወስድ እንደዚያ የምትነዳ ይመስለኛል። እንዲያም ሆኖ እየተንገዳገድን ዙራችንን እንጨርሳለን። ወንዶቹ ትንሽ ሲያድጉ የፊት ጎማቸውን ማንሳት ጀመሩ። እኛ አልጀመርንም። ማንም አልከለከለንም፤ ብቻ የእኛ አልነበረም፤ ዛፍ መውጣት ከሆነ ዕድሜ በኋላ የእኛ እንዳልነበረው ሁሉ።

የሠፈራችን ጎሚስታ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። ከትምህርት በኋላ አጎቱ ዘንድ ይሠራ ነበር፤ የውስጥ ጎማ አውጥቶ ነፍቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ በጣቱ ይይዛል፣ ያደርቃል፣ በሞረድ ይፍቃል፣ ማስቲሽ ቀብቶ እፍ እፍ ይልበታል። ክፍል ውስጥ ከአሥር አራት ያገኝ ነበር። አንድ ቀን ከበሬ ላይ ቆሜ ሳለ በኋላ ጎማ ብቻ፣ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የተጠገነ ጎማ ይዞ አለፈ። ከቤታችን ፊት ያለው መንገድ በአንድ ወገን ዘንባባ ተተክሎበታል። ከመጀመሪያው ዘንባባ እስከ መጨረሻው የፊት ጎማው መሬት አልነካም። እንዲያውም አጠገቤ ሲደርስ አንገቱን ሰበር አድርጎ "ደህና ዋሉ ቲቸር" ብሎኛል።

ሲመለስ አስቆምኩት። "አስተምረኝ" አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና የምሬን መሆኑ ሲገባው ሳቁን ዋጠ።

የመጀመሪያ ትምህርቱ አስቆጣኝ። ጎማ ማንሳት የሚያሳየኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን "መጀመሪያ መውረድ ነው የሚለመደው ቲቸር" አለ። መሪውን ሳትለቅቂ፣ ሳይክሉ ወደ ኋላ ሲሄድብሽ ሁለት እግርሽን ከፔዳል አንሥተሽ ከኋላው መሬት ላይ መቆም። ሳይክሉ እንደቆመ ፍየል ፊት ለፊትሽ ይቀራል፣ አንቺም ከኋላው ቆመሽ ትቀሪያለሽ። ሦስት ቀን ይህንን ብቻ አሠራኝ። ሳላነሣ መውረድ ምን ይሉታል ብዬ ተከራከርኩት፤ መደመር ሳይማሩ መቀነስ ነው አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ማብራራት አይችልም፤ ይህን ክፍል ውስጥም አውቅለት ነበር፤ መልሱ ትክክል ሆኖ "እንዴት አገኘኸው?" ሲባል ዝም የሚል ልጅ ነው። ያኔ ከሌላ የገለበጠ እየመሰለኝ ነጥብ እቀንስበት ነበር።

ቀጥሎ የኋላ ፍሬን። በእኔ ሳይክል የኋላው ፍሬን በቀኝ እጅ ነው። አንድ ጣት ሁልጊዜ እሱ ላይ ትሁን፤ ተኝታ ሳይሆን ነቅታ። የፊት ጎማ አየር ላይ እያለ የኋላውን ፍሬን ትንሽ ነካ ካደረጋችሁ የተነሣው ግማሽ ይወርዳል። ፔዳል ብትረግጡ ይነሣል። ይኸው ነው። የሳይክሉ መሬት መንኪያ እታች ናት፣ የሰውነታችሁ ክብደት ከላይ ነው፤ እግሩን በድንገት የተያዘ ሰው በፊቱ እንደሚደፋ፣ ጎማው ከሥር ሲያዝ የላይኛው ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ማታ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ሦስት ማዕዘን ሣልኩ፣ የክብደቴን መሐል ገመትኩ፣ ሳይክሉ በስንት ዲግሪ ሲቆም ሚዛን እንደሚጠብቅ አሰላሁ፣ መልሱንም ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት። ጠዋት ለልጁ አሳየሁት። ወረቀቱን ገለበጠና ጀርባውን አየ፤ ሌላ ነገር ያለበት መስሎት ነው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰውነት በየሰከንዱ አቀማመጡን ስለሚለዋውጥ ለምንም አልጠቀመኝም።

የማንሳቱ ነገር እንዲህ ነው። ሳይክሌ በዕቁብ ብር የገዛሁት፣ አሮጌ፣ ማርሽ ያለው ነው። ማርሹ መካከለኛ መሆን አለበት። ከቀለለ እግር በባዶው ይሽከረከራል፣ ከከበደ ደግሞ ጎማው አይነሣም። መንገዱ ትንሽ ሽቅብ ቢሆን ይመረጣል፤ ፍጥነት ቶሎ አይጨምርም። የእኛ መንገድ ከሐይቁ በኩል ሲመጣ በዓይን የማይታይ ሽቅብ አላት፣ የምታውቃት እግር ብቻ ናት። በዝግታ ትሄዳላችሁ፤ ክርናችሁን አጥፋችሁ ወደ ፊት ጎንበስ ትላላችሁ፤ የጠንካራው እግር ፔዳል ከላይ ደርሶ ወደ ፊት ማዘንበል ሲጀምር ትረግጡታላችሁ፤ እየረገጣችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መሪውን በክንዱ ይስበዋል። ጎማው ብድግ ይልና ቧ ብሎ ይመለሳል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ስስብ ነበር፤ ሌሊት ትከሻዬን እናቴ በቅቤ ታሸኝ ነበር።

እናቴ የተወለደችው አዊ ነው። አገው ምድር ፈረስ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጥር 23 ቀን እንጅባራ መገኘት ያስፈልጋል፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ የእናቴ አባትም ፈረሰኛ ነበር። የማደርገውን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮት ያየች ቀን ሮጣ ወጣች። "ልጄ ምን ሆነሻል? ያ ሳይክል ምን አይቶ በረገገ?" አለችኝ። አስረዳኋት። ቁጭ ብላ አሰበች። "አባቴ ፈረስ በኋላ እግሩ ሲቆምባችሁ ልጓም አትሳቡ፣ ላላ አድርጋችሁ አንገቱ ላይ ተኙ ይለን ነበር። ከሳባችሁት በላያችሁ ይገለበጣል።" የእኔ ተቃራኒው እንደሆነ፣ ሲቆምብኝ የምይዘው ነገር እንዳለ ነገርኳት። ፍሬኑን፣ ሽቦውን፣ ሽቦው የሚሄድበትን በጣቷ ተከትላ እስከ ኋላ ጎማ አየችው። "እ፣ ያንቺ ፈረስ ልጓሙ ከጭራው ነዋ" አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ አልተቃወመችኝም። ጎረቤት ግን ሌላ ነው። "መምህርቷ ሰው ስታጣ ቀልቧን ሳተች" የተባለው ጆሮዬ ደርሷል። ሐኪም ቤት ውሰዷት ያለም አለ። ይሉኝታ ከባድ ነገር ነው፤ ከስበት ኃይል ይከብዳል ማለት እችላለሁ፣ ስበት ኃይል ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ አላስነሣኝም። ሰው ሳይነቃ ለመለማመድ ስል ለሁለት ወር ያህል ከወፎቹ ጋር ነቅቻለሁ። በኋላ ተውኩት። ልጁ ጠዋት ዳቦ ስለሚያመላልስ አይመቸውም ነበር፣ ያለሱ ደግሞ እፈራለሁ።

እዚህ ጋ ስለ "እርስዎ" ልናገር። ልጁ በደንብ ያደገ ነው። ቲቸር ይርገጡ፣ ቲቸር ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ቲቸር ፍሬኑን ይንኩት ይለኛል። ችግሩ "ይንኩት" አራት ፊደል ነው። ሳይክል ወደ ኋላ ሲሄድ አራት ፊደል የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ሁለት ጊዜ "ይንኩ..." እያለ ወድቄያለሁ። ሦስተኛው ላይ ጮኸ፦ "ንኪ!" ነካሁ። ጎማው ወረደ። ቆምኩ። ዞር ስል ልጁ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቀርቷል፤ መምህሩን "አንቺ" ማለቱ ከመውደቄ በላይ አስደንግጦታል። "ይቅርታ ቲቸር" አለ። ከዛሬ ጀምሮ ሳይክል ላይ አንቺ ነኝ አልኩት፣ ስወርድ እርስዎ። ሕጉን በጥብቅ ጠበቀው። አንድ እግሬ ፔዳል ላይ፣ አንድ እግሬ መሬት ላይ ሲሆን ግን ይቸገር ነበር፤ እንደዚያ ስሆን ስም ሳይጠራ "አሁን እንደገና" ብቻ ይላል።

የዘንባባው ነገር መለኪያችን ሆነ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካሁት፤ ሰባት ሜትር ገደማ ነው። ደብተር አዘጋጀሁ፤ የነጥብ መመዝገቢያ አድርጌ ቀን፣ ሙከራ፣ ዘንባባ ብዬ አሠመርኩ። በግንቦት አጋማሽ አንድ ዘንባባ። በግንቦት መጨረሻ አንድ ተኩል። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ሰኔን ሙሉ ደብተሬ ላይ የተጻፈው ሁለት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ተናድጄ ሁለትን በሮማውያን ቁጥር ጽፌዋለሁ።

ምን እንደያዘኝ የገባኝ ሳይክል ላይ አይደለም፣ ቤት ስጠርግ ነው። ልጆች ሆነን ብትር በመዳፍ ላይ አቁመን የምንሯሯጠውን ታስታውሱታላችሁ። መጥረጊያውን ገልብጬ መዳፌ ላይ አቆምኩት። ቆመ። እስክሪብቶ ሞከርኩ፤ አይቆምም፣ ከመውደቁ በፊት እጄ አይደርስለትም። ረጅም ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚወድቀው። ሰው ሳይክል ላይ ተቀምጦ ሲነሣ ከመጥረጊያው ነው ወይስ ከእስክሪብቶው? ከመጥረጊያው ነው። ማለትም ጊዜ አለኝ። ከዚያ ደግሞ መጥረጊያውን የያዘውን እጄን ልብ አልኩት። ቆሞ አያውቅም። መጥረጊያው ወደ ፊት ሲሄድ እጄ ይከተለዋል፣ ትንሽ ያልፈዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ እንደገና ያልፈዋል። ከውጭ ለሚያይ የቆመ ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ እየወደቀ ነው፣ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ።

እኔ ሳይክል ላይ ሁልጊዜ ወዲህ ነበርኩ። ልጆቹ ሚዛን የሚሏት ቦታ አለች፤ ከእሷ ወዲህ ያለ ሰው ጎማው እንዳይወርድበት ያለማቋረጥ መርገጥ አለበት። በረገጠ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እግሩ አይደርስም፤ ያኔ ጎማው ይወርዳል። ያ ነው ሁለት ዘንባባ። ጉልበት ሲያልቅ የሚያልቅ ርቀት ነው። ፈሪ ሰው ሳይክል ላይ ሰነፍ ይመስላችኋል፣ አይደለም፤ ከማንም በላይ የሚለፋው ፈሪው ነው። ሚዛኗን ለማግኘት ከሷ ማለፍ፣ ጭልፊት ወደሚታይበት ወገን መግባት፣ ከዚያ በፍሬን መመለስ ያስፈልጋል። ለዚህ ነበር ልጁ መጀመሪያ መውረድ፣ ቀጥሎ ፍሬን ያለኝ። ማብራሪያውን እኔ ሁለት ወር ቆይቼ ደረስኩበት፤ እሱ ግን ቅደም ተከተሉን ከመጀመሪያው ቀን ያውቀው ነበር። ከአሥር አራት የሰጠሁት ልጅ።

ታዲያ ማወቄ ወዲያው ረዳኝ ብል ውሸት ነው። ይባስ ብሎ ያወቅሁ ሰሞን ነው ክፉኛ የወደቅሁት። የእኔ ሳይክል ጎማው ፈንድቶ ስለነበር ከከተማ አንድ ኪራይ ቤት ሳይክል ወሰድኩ። አሁን ፍርሃቴን ላልፈው ነው፣ ወዲያኛው ወገን ልገባ ነው ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ። ገባሁም። ሚዛኗን አልፌ ወደ ኋላ መሄድ ስጀምር በቀኝ እጄ ፍሬኑን ነካሁት። ምንም የለም። ያዝኩት። ምንም። የፍሬኖቹ ሽቦ ተቀያይሮ ታስሯል፤ ቀኙ የፊቱን ነው የሚይዘው። አየር ላይ ያለ የፊት ጎማን ፍሬን መያዝ ማለት የማራገቢያን ክንፍ በጣት ማቆም ማለት ነው፤ መሽከርከሩን ይተዋል፣ እናንተን ግን አያወርዳችሁም። የወደቅሁት በመቀመጫዬ ነው። ሁለት ሳምንት ትራስ ላይ ተቀምጫለሁ። አከራዩ "እኔ ለመንዳት ነው ያከራየሁሽ፣ ለዝላይ አላከራየሁሽም" አለኝ። የተናደድኩበት ትክክል ስለነበረ ነው። ግን ደግሞ ፍሬን አቀያይሮ ማሰር ትክክል ነው ወይ? አሁንም እዚያ በር ሳልፍ አላየውም። እናንተ ግን የማታውቁትን ሳይክል ከመንዳታችሁ በፊት ቆማችሁ አንድ በአንድ ይዛችሁ፣ ገፋ አድርጋችሁ የትኛው የቱን እንደሚይዝ እዩ።

ወጌሻ መጣልኝ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ትራሱን ስታነጥፍ ግን "አባቴም አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር" አለች፣ እንደ ማጽናኛ።

ክረምት ገባ። ዝናብ ሲመጣ ቸርኬን ግራና ቀኝ በጎማ የሚይዝ ፍሬን አይታመንም፤ ውኃው እስኪጠረግ ድረስ ያንሸራትታል፣ ከዚያ በድንገት ይይዛል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ የተለማመድኩት ዝናብ ባቆመባቸው ከሰዓቶች ብቻ ነው። ሥራ ፈትተን በረንዳ ላይ ስንቀመጥ ልጁ በተሰነጠቀ ስልኩ ቪዲዮ ያሳየኝ ነበር። ስሎቫካዊው ፒተር ሳጋን በቱር ደ ፍራንስ የተራራ ውድድር መሐል፣ ሌሎቹ ምላሳቸውን አውጥተው ሲያለከልኩ፣ ለተመልካች ደስ እንዲለው ብቻ የፊት ጎማውን አንሥቶ ሲሄድ አየን። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፣ ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በተከታታይ። ልጁ ለሻምፒዮናነቱ ግድ የለውም፤ "የኋላ ፍሬኑ ላይ አንድ ጣቱን አየሽ?" ብሎ ቪዲዮውን ያቆመዋል። ሳይክል ላይ እንዳልነበርኩ ትዝ ሲለው "አዩ?" ብሎ ያርማል። በሌላ ቀን ደግሞ ኩርት ኦስበርን ስለሚባል አሜሪካዊ አነበብን፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ከሆሊውድ ተነሥቶ ኦርላንዶ ድረስ፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር፣ ከ4,500 ኪሎ ሜትር በላይ በኋላ ጎማ ብቻ ሄዷል። ሁለት ወር ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል፤ በየመሐሉ እያረፈ እርግጥ ነው። ደብተሬን አወጣሁና ወደ ዘንባባ ቀየርኩት። ከ640 ሺህ ዘንባባ በላይ። ልጁ ቁጥሩን ሲሰማ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ "መቀመጫው ምን ሆኖ ይሆን?" አለ። እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር።

ጎን ለጎን መውደቅ የሚባል ሌላ ጣጣም አለ፤ እሱን በአጭሩ ላልፈው። ሳይክሉ ወደ ግራ እየሸሸ ወደ ቦዩ ይወስደኝ ነበር። ወደ ግራ ሲያጋድል የቀኝ ጉልበትን ከፈት ማድረግ፣ መሪውን በጣም ጥቂት ማዞር። ይህ ከፊትና ኋላው ይቀላል፤ ሰውነት ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀው ስለሆነ ነው መሰለኝ። ያ ከብረት ሥር አጣመን የነዳነው ነገር ከንቱ አልነበረም።

የሆነው ቀን ጳጉሜን ውስጥ ነው። ቀኑን ለይቼ አልጻፍኩትም፤ ደብተሩ ላይ "ጳጉ." ብቻ ይላል። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታለች፣ አስፋልቱ ግማሹ ደርቋል። እንደ ሁልጊዜው ረገጥኩ፣ ሄድኩ፣ የመጀመሪያው ዘንባባ፣ ሁለተኛው፤ ሁልጊዜ የሚወርድበት ላይ ስደርስ ትንሽ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ጣቴ ነካች። ከዚያ የሆነውን የማስታውሰው በድምፅ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይክሌ ሲነሣ ይንጫጫል፤ ሰንሰለቱ ይጮኻል፣ ትንፋሼ ይጮኻል፣ መቀመጫው ያቃስታል። አሁን ዝም አለ። ፔዳሉ ክብደት አጣ። እግሬ ይዞራል እንጂ አይገፋም። የኋላ ጎማው እርጥቡን አስፋልት ሲልስ ብቻ ይሰማል፣ ወረቀት እንደሚቀደድ ያለ ረጅም ድምፅ። ረገጥ፣ ነካ። ረገጥ፣ ነካ። ከኋላዬ ልጁ እየሮጠ ነው፤ የፕላስቲክ ጫማው ጠፍ ጠፍ ይላል፤ ምንም አይልም። "ንኪ"ም አላለ። ሦስት። አራት። አምስተኛውን አየሁትና አየሁት ብዬ ሳስብ ጎማው ወረደ።

አምስት ዘንባባ። ሠላሳ አምስት ሜትር ገደማ። ወርጄ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ደርሶ አጠገቤ ተቀመጠና እያለከለከ "ገባሽ?" አለኝ። ክፍል ውስጥ በቀን ሠላሳ ጊዜ የምለው ቃል ነው። ሰው ሲለኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ትምህርት ተከፍቶ ማስክ አድርገን፣ በፈረቃ ተመለስን። ተለወጥኩ አልልም፤ ተለወጥኩ ማለት ይቀላል። ግን አንዲት ልጅ ሰሌዳ ላይ ሆና የአሉታዊ ቁጥር ምልክት ሳትቀይር ስትቀር ጠመኔውን ከእጇ አልወሰድኩም። እስከ መጨረሻው ተሳስታ፣ መልሱ እንደማይሆን ራሷ አይታ፣ ወደ ላይ ተመልሳ ፈለገችው። አራት ደቂቃ ፈጀ። አራት ደቂቃ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚረዝም መምህር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሁለት ጊዜ እጄን ዘርግቼ መልሼዋለሁ።

ልጁ አሁን ባጃጅ ነው የሚነዳው። በሦስት ጎማ ሚዛን መጠበቅ አያስፈልግም ይላል፣ ይሰለቻል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ደወለልኝ፦ "ቲቸር፣ 380 ሜትር ነው አሉ። ስንት ዘንባባ ይሆናል?" ሃምሳ አራት አልኩት። "በጣም ብዙ ሰው አለ እንጂ..." ብሎ ተወው።

የእኔ ክብረ ወሰን አሥራ አንድ ነው። እሱ አሥር ነው ይላል። ዘጠነኛው ዘንባባ ባለፈው ዓመት ደርቆ ተቆርጧል፤ ጉቶው ብቻ ነው የቀረው። እኔ ጉቶውን እቆጥረዋለሁ፤ ቦታው ቦታው ነው፣ ሰባት ሜትሩም ሰባት ሜትር ነው። እሱ ደግሞ "ዘንባባ ማለት ከላይ ቅጠል ያለው ነው" ብሎ ድርቅ ይላል። ባለፈው እሑድ ባጃጁን አቁሞ ጉቶው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሳልፍ እግሩን አነሣልኝ እንጂ አልቆጠረውም።